የመልክዐ ምድር ትምህርትና የጠረፍ አገር

ትምህርት ሁሉ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ሰው የቆመበትን ምድር የሚያሳውቀው ትምህርት ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ነው። የመልክዐ ምድር ትምህርት፣ ማለት ጂኦግራፊ፣ በብዙ አገሮች ትምህርት ቤቶች ለረዥም ዘመን የስም ጥናት ሆኖ ኖሯል። ተማሪው የተራሮችን ከፍታ፣ የወንዞችን ርዝመት፣ የዋና ከተሞችንም ስም በቃሉ ይይዛል፤ በፈተናው ቀን ያወርደዋል፤ ፈተናው ካለፈ በኋላም ይረሳዋል። ካርታውም በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አገሩ በአንድ ቀለም፣ ጎረቤቱ በሌላ ቀለም ተቀብቶ ይታያል፤ በሁለቱ ቀለሞች መካከል አንድ ጥቁር መስመር ይሰመራል። ልጁም ከዚያ መስመር ወዲያ ያለው ነገር ሁሉ የእርሱ ጉዳይ እንዳልሆነ ማንም ሳይነግረው ይማራል።

በመካከል አገር ለሚኖር ልጅ የዚህ ስሕተት ጉዳቱ ቶሎ አይታይም፤ በጠረፍ ለሚኖር ልጅ ግን ዕለት ዕለት የሚገጥመው ነገር ነው። የሚጠጣው ውሃ ከመስመሩ ወዲያ ይመነጫል፤ አክስቱ ከመስመሩ ወዲያ ትኖራለች፤ አባቱ ጧት ወዲያ ተሻግሮ ሠርቶ ማታ ይመለሳል፤ ከወዲያኛው ከተማ የሚነሣው ጢስም በእርሱ ቤት ይገባል። ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ ግን ካርታው ይህን ሁሉ ባዶ ወረቀት አድርጎ ያሳየዋል። እንግዲህ ልጁ ከሁለት አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል፤ ይኸውም ወይ ዐይኑን፣ ወይ መጽሐፉን ማመን ነው። ስለዚህ የመልክዐ ምድር ትምህርት እውነተኛነቱ ተፈትኖ የሚታወቀው በመካከል አገር ሳይሆን በጠረፍ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ይህን ፈተና ለመመልከት በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታትና በሜክሲኮ መካከል ያለው ጠረፍ የተመቸ ምሳሌ ነው። በአሜሪካ የመልክዐ ምድር ትምህርት ከታሪክና ከሌሎች የማኅበራዊ ኑሮ ትምህርቶች ጋር ተቀላቅሎ ብዙ ጊዜ ተዳክሞ ስለ ነበር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1984 ዓ.ም. የመምህራንና የሊቃውንት ማኅበራት ትምህርቱን በአምስት አርእስት አጠቃለው አወጡ። እነዚህም የሥፍራ አቀማመጥ፣ የቦታ ጠባይ፣ ሰውና አካባቢው ያላቸው ግንኙነት፣ የሰውና የዕቃ ዝውውር፣ ክልልም ናቸው። ከ10 ዓመት በኋላ በ1994 ዓ.ም. የትምህርትን ብሔራዊ ዓላማ የሚወስን ሕግ ሲወጣ ጂኦግራፊ በስሙ ተጠራ፤ በዚያው ዓመትም «ጂኦግራፊ ለሕይወት» የተባለው የመመዘኛ መጽሐፍ አራት ታላላቅ የጂኦግራፊ ማኅበራት ተባብረው አሳተሙት። ሁለተኛው ዕትም በ2012 ዓ.ም. ወጣ።

መጽሐፉ ተማሪ ሊያውቃቸው የሚገባቸውን ነገሮች በ18 መመዘኛዎች ያቆማል፤ 18ቱንም በስድስት ክፍሎች ይመድባቸዋል። ስድስቱ ክፍሎች ዓለምን በሥፍራ መመልከት፣ ቦታዎችና ክልሎች፣ የተፈጥሮ አሠራር፣ የሰው ልጅ አኗኗር፣ አካባቢና ማኅበር፣ የጂኦግራፊም ጥቅም ናቸው። ተማሪው አራተኛ፣ ስምንተኛና ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ምን ያህል ማወቅ እንደሚገባው በየደረጃው ተጽፏል። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ምክር ነው እንጂ ሕግ አይደለም፤ በዚያ አገር እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ትምህርት ራሱ ይወስናልና። የመመዘኛዎቹ ቁም ነገር ግን በቁጥራቸው ብዛት አይደለም፤ ተማሪው ጥያቄ መጠየቅን፣ ማስረጃ መሰብሰብን፣ የሰበሰበውን ማሰናዳትን፣ መመርመርንና መልስ መስጠትን እንዲለምድ ማድረጋቸው ነው። የትኛው ከተማ ወዴት አለ ከማለት ይልቅ፣ ስለ ምን በዚያ አለ፣ በዚያ በመኖሩስ ማን ተጠቀመ፣ ማንስ ተጎዳ ብሎ መጠየቅን ያስተምራሉ።

አሁን መመዘኛዎቹን ይዞ ወደ ጠረፉ መውረድ ይገባል። የሁለቱ አገሮች ወሰን 3,145 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በምዕራብ ከሰላማዊ ውቅያኖስ ተነሥቶ በኮረብታና በምድረ በዳ ያልፋል፤ ከኤል ፓሶ ከተማ ጀምሮም እስከ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ድረስ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወንዝን ይከተላል። በአሜሪካ በኩል አራት ግዛቶች፣ ማለት ካሊፎርኒያ፣ አሪዞና፣ ኒው ሜክሲኮና ቴክሳስ ይዋሰኑታል፤ በሜክሲኮ በኩል ደግሞ ባሃ ካሊፎርኒያ፣ ሶኖራ፣ ቺዋዋ፣ ኮዋዊላ፣ ኑዌቮ ሌዮንና ታማውሊፓስ የሚባሉ ስድስት ግዛቶች አሉ። ይህን ያህል በቃል መያዝ የድሮው ትምህርት ነው፤ አዲሱ ትምህርት የሚጀምረው ከዚህ ቀጥሎ ነው።

የመጀመሪያው መመዘኛ ካርታን ማንበብና መመርመር ነው። ካርታ የእውነት መልክ መስሎ ቢታይም በሰው እጅ የተሠራ ነውና ሊሳሳት ይችላል። ከ1846 እስከ 1848 ዓ.ም. በሁለቱ አገሮች መካከል በተደረገው ጦርነት ሜክሲኮ ተሸነፈች፤ የካቲት 2 ቀን 1848 ዓ.ም. በጓዳሉፔ ኢዳልጎ በተፈረመው ውልም ሰፊ ግዛቷን ለቅቃ 15 ሚሊዮን ዶላር እንድትቀበል ተደረገ። ቴክሳስ ከተጨመረበት የጠፋው ምድር ከቀድሞ ግዛቷ ግማሹን ያልፋል። መልእክተኞቹ ወሰኑን ሲወስኑ የተመለከቱት ካርታ ዲስተርኔል የተባለ አታሚ በ1847 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ያወጣው ነበር። ይህ ካርታ ኤል ፓሶን ከእውነተኛ ሥፍራዋ ግማሽ ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን አሳልፎ፣ ወንዙንም ሁለት ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ገፍቶ ያሳይ ነበር። ቀያሾች መሣሪያቸውን ይዘው በምድሩ ላይ በቆሙ ጊዜ የወረቀቱ ወሰንና የምድሩ ወሰን አልገጠሙም፤ በዚህም ክርክር ተነሣ። ነገሩ የተዘጋው አሜሪካ 10 ሚሊዮን ዶላር ከፍላ ከሜክሲኮ ሌላ ምድር በገዛችበት፣ በታኅሣሥ 1853 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ነው። ይህን ታሪክ የተማረ ልጅ ካርታን አይንቅም፤ ነገር ግን ካርታን ማን ሠራው፣ በምን ልክስ ሠራው ብሎ ሳይጠይቅ አይቀበለውም።

ሁለተኛው መመዘኛ ሰው በልቡ ስለሚይዘው ካርታ ይናገራል። ሰው ሁሉ በአሳቡ የተሣለ የዓለም ካርታ አለው፤ በዚያም የሚያውቀው ሥፍራ ሰፍቶ፣ የማያውቀው ጠብቦ ይታያል። ስድስተኛውም መመዘኛ ሰው በልማዱና በኑሮው ምክንያት አንዱን ቦታ ከሌላው ለይቶ እንደሚያይ ያስረዳል። ለዚህ ወንዙ ራሱ ምስክር ነው፤ በሰሜን ያሉት ሪዮ ግራንዴ፣ ማለት ታላቁ ወንዝ ይሉታል፤ በደቡብ ያሉት ግን ሪዮ ብራቮ፣ ማለት ቁጡው ወንዝ ይሉታል። አንድ ውሃ ሁለት ስም ይዞ ይፈስሳል። ለሰሜኑ ልጅ ደቡቡ የአደጋ አገር ሆኖ፣ ለደቡቡ ልጅ ሰሜኑ የተወሰደበት አገር ሆኖ በልባቸው ተሥሎ እንደ ሆነ፣ መምህሩ ሁለቱንም ሥዕል በሰሌዳ ላይ አውጥቶ ከእውነተኛው ምድር ጋር ማመዛዘን አለበት።

ሁለተኛው ክፍል ስለ ቦታዎችና ስለ ክልሎች ነው። አምስተኛው መመዘኛ እንደሚለው ክልልን የሚፈጥረው ሰው ነው፤ ምድር በተፈጥሮዋ መስመር የላትም። ይህንንም ሁለቱ መንግሥታት ራሳቸው በ1983 ዓ.ም. በላ ፓስ ከተማ በተፈራረሙት የአካባቢ ጥበቃ ስምምነት መስክረዋል፤ በዚያ ውል የጠረፍ ክልል ማለት ከወሰኑ ወዲህና ወዲያ 100 ኪሎ ሜትር ድረስ ያለው ምድር ነው ተብሎ ተወሰነ። እንግዲህ ጠረፍ መስመር ብቻ ሳይሆን ስፋት ያለው አገር ነው። በዚህ አገር ውስጥ ከተሞች መንታ ሆነው ይኖራሉ፤ ሳን ዲዬጎና ቲዋና፣ ካሌክሲኮና ሜክሲካሊ፣ ሁለቱ ኖጋሌስ፣ ኤል ፓሶና ሲዩዳድ ኋሬስ፣ ላሬዶና ኑዌቮ ላሬዶ፣ ብራውንስቪልና ማታሞሮስ ፊት ለፊት ይተያያሉ። በ2020 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ በሲዩዳድ ኋሬስ ከ1.5 ሚሊዮን የሚበልጥ፣ በኤል ፓሶም ከ670 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ተቈጥሯል። እነዚህ ሁለት ከተሞች በአንድ ሸለቆ ተቀምጠው አንድ አየር ይተነፍሳሉ። ሜክሲኮ በ2022 ዓ.ም. በበጋ ሰዓት የመለወጥን ልማድ በሕግ ስታስቀር እንኳ፣ በጠረፍ ያሉ ከተሞች ከአሜሪካ ጎረቤቶቻቸው ጋር አንድ ሰዓት ይዘው እንዲኖሩ ተፈቀደላቸው፤ የሠራተኛውና የተማሪው ኑሮ ሰዓቱን አስገድዶታልና።

በዚሁ ክልል መስመሩ ሳይሰመር የኖሩ ሕዝቦችም አሉ። ቶሆኖ ኦዳም የሚባሉት የሶኖራ ምድረ በዳ ባላገሮች ከ1853ቱ ውል በኋላ አገራቸው ከሁለት ተከፍሎባቸው፣ ከፊላቸው በአሪዞና፣ ከፊላቸው በሜክሲኮ ቀርተዋል። እነርሱ ወሰን አልተሻገሩም፤ ወሰኑ እነርሱን ተሻገራቸው። ወንድማማች ለመጠያየቅ፣ ቤተ ዘመድ ለመቅበር፣ በዓልም ለማክበር የይለፍ ወረቀት የሚጠየቅበት ዘመን መጣባቸው። ስለ ሕዝቦች ልዩ ልዩ ባሕል የሚናገረውን ዐሥረኛውን መመዘኛ ለማስተማር ከዚህ የበለጠ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልግም።

ሦስተኛው ክፍል ስለ ተፈጥሮ አሠራር ነው። ወንዝን ወሰን ያደረገ ሰው፣ ወንዝ እንደሚንቀሳቀስ ረስቷል። ሪዮ ግራንዴ በጎርፍ ጊዜ ዳርቻውን ይበላል፤ ከአንዱ ወገን አፈር ቆርሶ በሌላው ወገን ይቆልላል፤ አንዳንድ ጊዜም አሮጌውን መንገድ ትቶ በአንድ ሌሊት አዲስ መንገድ ያወጣል። ስለዚህ ሁለቱ መንግሥታት በ1884 ዓ.ም. ባደረጉት ውል፣ ወንዙ ቀስ በቀስ አፈር እየበላ ቢሄድ ወሰኑ ከወንዙ ጋር እንዲሄድ፣ በድንገት ቢዘል ግን ወሰኑ በአሮጌው ፈለግ እንዲቀር ተስማሙ። የአፈር መሸርሸር ትምህርት በዚህ ምክንያት የሕግ ትምህርት ሆነ፤ አንድ ሰው የየትኛው አገር ዜጋ እንደ ሆነ የሚወስነው፣ ጎርፉ ቀስ ብሎ መጣ ወይስ ዘለለ የሚለው ጥያቄ ሆነ።

የዚህም ምስክር ቻሚሳል የሚባለው መሬት ነው። ይህ ከ2 ካሬ ኪሎ ሜትር በጥቂት የሚበልጥ መሬት ቀድሞ በሜክሲኮ በኩል ነበር፤ በ1864 ዓ.ም. በተነሣው ጎርፍ ወንዙ ወደ ደቡብ ስለ ተዛወረ በኤል ፓሶ በኩል ቀረ፤ አሜሪካውያንም ቤት ሠርተው ሰፈሩበት። በ1911 ዓ.ም. የግልግል ዳኞች መሬቱን ከፍለው ለሜክሲኮ የሚገባትን ቢፈርዱላትም አሜሪካ ፍርዱን አልቀበልም አለች። ነገሩ ሲንከባለል ቆይቶ በፕሬዚዳንት ኬኔዲና በፕሬዚዳንት ሎፔስ ማቴዎስ ዘመን በ1963 ዓ.ም. ውል ተፈረመ። ወንዙም ዳግመኛ እንዳይቅበዘበዝ በሲሚንቶ በተሠራ ቦይ ታሰረ። በዚህ ጊዜ በመሬቱ ላይ ይኖሩ የነበሩ ከ5,000 የሚበልጡ የኤል ፓሶ ሰዎች ቤታቸውን ለቅቀው እንዲነሡ ተገደዱ፤ ከእነርሱም የሚበዙት ከሜክሲኮ ዘር የመጡ አሜሪካውያን ነበሩ። ለሁለቱ መንግሥታት የወዳጅነት ማኅተም የሆነው ነገር ለእነዚህ ሰዎች የጎረቤትና የቀዬ መፍረስ ነበር። ልጅ ይህን ሲማር መንግሥት ከመንግሥት ጋር መታረቁ መልካም መሆኑን ይረዳል፤ ግን የዕርቁን ዋጋ ማን እንደ ከፈለ ጭምር ሊያውቅ ይገባዋል።

አራተኛው ክፍል የሰውን አኗኗር፣ ፍልሰቱንና ንግዱን ይመለከታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእርሻ ሠራተኛ ስላነሰ፣ ከ1942 እስከ 1964 ዓ.ም. አሜሪካ የሜክሲኮን ሠራተኞች በውል ታስገባ ነበር፤ በዚህ ዘመን 4.6 ሚሊዮን ያህል የሥራ ውል ተፈርሟል። ያ ውል በቀረ ጊዜ ሥራ ፈት ሆኖ በጠረፍ ለቀረው ሕዝብ ሥራ ለማግኘት የሜክሲኮ መንግሥት በ1965 ዓ.ም. የጠረፍ ኢንዱስትሪ ዕቅድ አወጣ፤ ማኪላዶራ የሚባሉት ፋብሪካዎችም በዚህ ምክንያት ተነሡ። እነዚህ ፋብሪካዎች ዕቃውን በከፊል ተሠርቶ ከውጭ ያስመጡና ገጣጥመው ይመልሱታል። ጥር 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ካናዳን ጨምሮ የሦስቱ አገሮች የንግድ ስምምነት ሲጸና የፋብሪካዎቹ ቁጥር ይበልጥ በዛ፤ ይኸው ስምምነት በሐምሌ 2020 ዓ.ም. በሌላ ተተካ። እነሆ አንድ መኪና ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ ክፍሎቹ ወሰኑን ደጋግመው ይሻገራሉ፤ የገጣጠመው ሠራተኛ ግን እንደ ዕቃው በቀላሉ አይሻገርም። ዕቃ የሚያልፍበትና ሰው የሚቆምበት በር አንድ መሆኑን ያየ ተማሪ፣ ዐሥራ አንደኛውን መመዘኛ፣ ማለት የአገሮችን የኢኮኖሚ መደጋገፍ፣ በመጽሐፍ ሳይሆን በመንገድ ላይ አንብቦታል። ዐሥራ ሦስተኛውም መመዘኛ፣ መተባበርና መጣላት የምድርን አከፋፈል እንዴት እንደሚወስኑ የሚናገረው፣ በዚያው በር ላይ ተጽፏል።

አምስተኛው ክፍል ስለ አካባቢና ስለ ሀብት ሲናገር ከሁሉ የከበደው ነገር ይመጣል፤ ይኸውም ውሃ ነው። በ1944 ዓ.ም. በተፈረመው የውሃ ውል አሜሪካ ከኮሎራዶ ወንዝ በየዓመቱ 1,850 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ለሜክሲኮ እንድትለቅ፣ ሜክሲኮም ወደ ሪዮ ግራንዴ ከሚገቡ ስድስት ገባሮቿ ውሃ ሲሶውን እንድትሰጥ ተወሰነ፤ ይህም በአምስት ዓመት ተመዝኖ በአማካይ በዓመት ከ432 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ እንዳያንስ ነው። ውሉ የተጻፈው ዝናብ ደኅና በሆነበት ዘመን ነው፤ ድርቅ ሲበረታና የእርሻው ስፋት ሲጨምር ግን የተጻፈው ቁጥርና በግድቡ ያለው ውሃ አልተመጣጠኑም። በመስከረም 2020 ዓ.ም. የቺዋዋ ገበሬዎች ውሃችን አይለቀቅም ብለው ላ ቦኪያ የሚባለውን ግድብ ያዙ፤ በተነሣውም ግጭት አንዲት ሴት በጥይት ሞተች። የዚያ ዘመን ውዝፍ በጥቅምት 2020 ዓ.ም. በተደረገ ስምምነት ተዘጋ፤ ቀጥሎ የመጣው የአምስት ዓመት ዘመን ግን በጥቅምት 2025 ዓ.ም. ጉድለቱ ሳይሞላ አለቀ። በቴክሳስ በኩል ያለው ገበሬም ይህን ውሃ ጠብቆ ማሳውን ያረሰ ሰው ነውና ጩኸቱ ከንቱ አይደለም። ሁለት ገበሬዎች፣ ሁለቱም እውነት ይዘው፣ በአንድ ወንዝ ላይ ይካሰሳሉ።

ቆሻሻም እንደ ውሃ ወሰን አያውቅም። የቲዋና ወንዝ የሚበዛው ተፋሰሱ በሜክሲኮ ሲሆን፣ ወደ ሰሜን ተሻግሮ በአሜሪካ ምድር ከውቅያኖስ ይገባል። ቲዋና በፍጥነት ስላደገች የፍሳሽ ማጣሪያዋ ከሕዝቧ ጋር እኩል አልሄደም፤ ስለዚህ ያልተጣራው ፍሳሽ ወደ ካሊፎርኒያ ዳርቻ ወርዶ ባሕሩ ለዋናተኛ እስኪከለከል ድረስ ያበላሸዋል። አጥር ቢሠራ ሰውን ያግድ ይሆናል፤ ወንዝን ግን አያግድም። በምድረ በዳውም ለአራዊት አሳብ የላቸውም የማይባል ነገር አለ፤ ጃጓር የሚባለው ነብር መሳይ አውሬ ከሶኖራ ወደ አሪዞና ይመላለስ ነበር፤ በ2006 ዓ.ም. በወጣው ሕግ 1,100 ኪሎ ሜትር ያህል አጥር እንዲቆም ከታዘዘ ወዲህ ግን የአራዊቱ መንገድ በየሥፍራው ተቋርጧል።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ክፍል የጂኦግራፊን ጥቅም ያሳያል፤ ዐሥራ ሰባተኛው መመዘኛ ያለፈውን ለመተርጐም፣ ዐሥራ ስምንተኛው ያለውን ለመረዳትና ለሚመጣው ለማሰብ ይላሉ። ይህ ባዶ ቃል እንዳልሆነ የኮሎራዶ ወንዝ አፍ ያስረዳል። ይህ ወንዝ በላይ በግድብና በመስኖ ስለ ተወሰደ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ወደ ባሕር መድረስ አቅቶት፣ ቀድሞ አረንጓዴ የነበረው የወንዙ አፍ የጨውና የአቧራ ሜዳ ሆነ። ሁለቱ አገሮች በ2012 ዓ.ም. በተስማሙት መሠረት ከመጋቢት እስከ ግንቦት 2014 ዓ.ም. በደረቀው ፈለግ ውሃ ለቀቁ፤ ወንዙም ለጥቂት ጊዜ ባሕሩን ነካ፤ የአኻያ ችግኝም በዳርቻው በቀለ። ውሃው ከወንዙ ጠቅላላ ውሃ ሲነጻጸር ኢምንት ነበር፤ ቢሆንም በደረቁ አሸዋ ወንዝ ሲመጣ ያዩ የሜክሲኮ መንደሮች ልጆች፣ ወላጆቻቸው በተረት ብቻ የነገሯቸውን ነገር በዐይናቸው አዩ። የዚያን ውሃ መንገድ ያቀዱት ሰዎች የአፈሩን፣ የዛፉን፣ የሕጉንና የገበሬውን ነገር አንድ አድርገው የተማሩ ናቸው።

በዚህ ትምህርት ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። አንዳንድ ሰዎች፣ ልጅ ከወሰኑ ወዲያ ያለውን ሰው በደልና እውነት ከተማረ ለአገሩ ያለው ፍቅር ይላላል ብለው ይፈራሉ። ፍርሃቱ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ የጠረፍ ሕዝብ አገሩን ዘብ ሆኖ የሚጠብቅ ነውና ልቡ እንዳይከፈል ማሰብ ተገቢ ነው። ነገር ግን ነገሩ ሲመረመር ተቃራኒው ሆኖ ይገኛል። የውሉን ቃል፣ የወንዙን ጠባይ፣ የጎረቤቱንም ችግር የማያውቅ ሰው በክርክር ጊዜ አገሩን የሚረዳበት ነገር የለውም፤ የሚቀረው ቁጣው ብቻ ነው። ቀያሽ፣ የውሃ መሐንዲስ፣ የውል አዋቂና አስታራቂ ሽማግሌ የሚወጡት እነዚህን ነገሮች በልጅነታቸው ከጠየቁ ልጆች መካከል ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እንዲሉ፣ ጎረቤትን ማወቅ ቤትን መተው አይደለም።

የሚበልጠው ችግር ሌላ ነው፤ እርሱም የተጻፈው መመዘኛ በክፍል ውስጥ አለመድረሱ ነው። በ2002 ዓ.ም. የጸደቀው የአሜሪካ የትምህርት ሕግ ጂኦግራፊን ከዋና ዋና ትምህርቶች ቢቈጥረውም፣ እንደ ሌሎቹ ትምህርቶች የተለየ ገንዘብ አልመደበለትም፤ ፈተናውም በንባብና በሒሳብ ላይ ስለ ከበደ ትምህርት ቤቶች ጊዜያቸውን ወደዚያ አዞሩ። በ2018 ዓ.ም. በተደረገው ብሔራዊ ምዘና ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች በጂኦግራፊ በቂ ችሎታ አላቸው የተባሉት ከ100 25 ያህሉ ብቻ ነበሩ። መልካም መጽሐፍ መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ መጽሐፉን አውቆ ልጆቹን ወደ ወንዙ ዳር ይዞ የሚወርድ መምህር ማግኘት ግን ሌላ ነገር ነው። መምህር ካልሠለጠነበት፣ ጊዜም ካልተሰጠው 18ቱ መመዘኛዎች ተመልሰው በቃል የሚያዙ 18 ስሞች ይሆናሉ።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ አንባቢ የሩቅ ወሬ አይደለም። ሞያሌ አንድ ስም ይዛ በኢትዮጵያና በኬንያ የተቀመጠች መንታ ከተማ ናት፤ የቦረና ሕዝብ ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ ይኖራል፤ የዳዋ ወንዝም በከፊል ወሰን ሆኖ ይወርዳል። በ1907 ዓ.ም. ስለዚህ ወሰን የተደረገው ውል በሁለቱም ወገን ያሉ ጎሣዎች እንደ ቀድሞው በግጦሹና በውሃ ጉድጓዱ እንዲጠቀሙ ፈቅዶ ነበር፤ ውሉን የጻፉት ሰዎች ከብት በድርቅ ጊዜ መስመር እንደማያውቅ ተረድተዋልና። የኦሞ ወንዝም ውሃውን ከኢትዮጵያ ደጋ አንሥቶ፣ የሚበዛው ክፍሉ በኬንያ ላለው ለቱርካና ሐይቅ ያስረክባል። በሞያሌ ለሚማር ልጅ ከላይ የተነገሩት ጥያቄዎች ሁሉ የራሱ ጥያቄዎች ናቸው፤ ካርታውን ማን ሠራው፣ የዚህ ውሃ ምንጭ ወዴት ነው፣ የቀንድ ከብቱ መንገድ ከየት ወዴት ይሄዳል፣ በገበያው የሚሸጠው ዕቃስ በማን እጅ አልፎ መጣ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ለዚህም ብዙ ወጪ አያስፈልገውም፤ የጉድጓዱን ታሪክ የሚያውቁ ሽማግሌ፣ የገበያውን ዋጋ የምታውቅ ነጋዴ፣ አንድ ካርታና አንድ ትጉህ መምህር ይበቁታል።

እንግዲህ ወሰን የአገር መጨረሻ ተብሎ ሊቈጠር አይገባም፤ አገር ከጎረቤቱ ጋር የሚነጋገርበት ደጃፍ ነውና። ደጃፉን የማያውቅ ባለቤት ሌባውንና እንግዳውን መለየት ይሳነዋል። በጠረፍ የተወለደ ልጅ በመስመሩ ምክንያት ከሌላው ልጅ ያነሰ ትምህርት እንዳያገኝ፣ ይልቁንም ሌላው የሚያስተውለውን በመጽሐፍ ብቻ ሲያገኘው እርሱ በደጁ ስላለው፣ መምህሩ ይህን ሀብቱን ሊያሳየው ይገባል። የነገውን ውል የሚጽፈው፣ የነገውን ግድብ የሚለካው፣ የነገውንም ጠብ የሚያበርደው ይኸው ልጅ ነውና፤ ዛሬ በእጁ የሚሰጠው ካርታ ከመስመሩ ወዲህም ወዲያም የተሞላ ይሁን።